በሐዘን ዓመት ወደ ካናዛዋ

ዲሴምበር 2

ሺዙኤ ዛሬ ሱቅ መጣች። ባሏ ሞሪዮ ከሞተ ገና ሳምንቱ ነው። ለሾርባ የሚሆን ኮምቡ የፈለገች መስሎኝ ከደረቀው የባሕር ቅጠል አንዱን ጥቅል ስፈታ፣ "የፌብሩዋሪው ጉዞ ቀኑ ተቆርጧል?" አለችኝ።

ጥቅሉን መልሼ አስቀመጥኩት።

ኖቡኮ፣ ሺዙኤና እኔ አንድ ክፍል የተማርን ነን። በየዓመቱ ካናዛዋን በበረዶ እንይ ብለን ሦስታችን ከተስማማን ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖናል፤ የምንሄደው ግን ሁልጊዜ ሁለታችን ነን። ሺዙኤ ሻንጣዋን ትሸክፍና ልክ በዋዜማው አማቷ እማማ ኡሜኖ ያማቸዋል። እሳቸውን ካላመማቸው ደግሞ የባሏ እኅት ኪሚኤ እንግዳ ይዛ ከተፍ ትላለች። እኛ ስንመለስ አንድ ካርቶን ጣፋጭ እናመጣላታለን። በሁለት እጇ ተቀብላ፣ አጎንብሳ አመስግና ትሄዳለች።

"ዘንድሮ እኔም አለሁ" አለች።

ገና ከደጄ ሳትርቅ ለካናዛዋው እንግዳ ማረፊያ ደወልኩ። ሦስት ሰው፣ አንድ ክፍል። ገዢ እሺ ሲል ቶሎ መጠቅለል ነው፤ እንደገና እንዲያስብ ጊዜ አይሰጠውም።

ዲሴምበር 10

ከሺዙኤ ቤት የሐዘን ካርድ ደረሰኝ። ሐዘን ላይ ስለሆንን የአዲስ ዓመት ሰላምታ አንልክም የሚለው የተለመደው ነው። ስሙ የሺዙኤ ነው፤ ቃሉ ግን የኪሚኤ ነው። "ሁላችንም እናታችንን እየተንከባከብን ዓመቱን በጸጥታ እናሳልፋለን" ይላል። ሁላችንም! በዚያ ቤት ከሺዙኤ በቀር ድስት የሚያነሣ አላየሁም።

ዓሣ ለመግዛት ተሰልፌ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ።

"የባሏ አመድ ሳይበርድ ሽርሽር ልትወጣ ነው አሉ።"

"እሷማ ምን ታደርግ፤ ያቺ የኮምቡ ነጋዴ ናት የምትገፋፋት።"

ዞር ብዬ እንደምን ዋላችሁ አልኳቸው። አንደኛዋ ወዲያው ስለ ዓሣው ውፍረት ማውራት ጀመረች።

ለማን ተናገርኩ? ለኖቡኮ ብቻ። ለኖቡኮ መናገር ደግሞ በድምፅ ማጉያ መናገር ነው። አፌን መያዝ ነበረብኝ።

ዲሴምበር 19

ኪሚኤ መጣች። ሰባውን አልፋለች፤ ወገቧ ግን እንደ ወታደር ቀጥ ያለ ነው። የመቅደሱን የሴቶች ማኅበር የምትመራው እሷ ናት፤ ለጃንዋሪው የመታሰቢያ ምሳ ኮምቡውን በየዓመቱ ከእኔ ነው የሚወስዱት። ደጅ ቆማ ጃንጥላዋን ስታራግፍ ገና ለምን እንደመጣች ገብቶኛል።

መጀመሪያ ስለ ብርዱ አወራች። ቀጥላ ስለ ጉልበቷ። ሱቅሽ ዘንድሮ ጭር ብሏል አለች፣ ከኋላዋ ሰው ተሰልፎ እያለ። ያዘዘችውን ጠቅልዬ ስሰጣት አልሄደችም።

"ካዮ፣ አንቺ ባልሽ ከሞተ ብዙ ጊዜሽ ነው። ብቻሽን መኖር ለምደሻል። ሰው ሁሉ እንዳንቺ አይምሰልሽ።"

"ልሂድ ያለችው ራሷ ሺዙኤ ናት።"

"ሺዙኤ የምትለው ሰው የነገራትን ነው።"

"እንግዲያው እርስዎም ይንገሯትና እንይ" አልኳት።

ከሄደች በኋላ ኮምቡ ልፍቅ ተቀመጥኩ። በኮምጣጤ የራሰውን ቅጠል አንዱን ጫፍ በእግሬ ረግጬ በስለት አሳስቼ ነው የምፍቀው፤ ደህና ሲፋቅ ከወረቀት ይሳሳል፣ አፍ ላይ ይቀልጣል። እጅ ከተናደደ ግን ስለቱ ይቀድደዋል። ዛሬ አንድም አልቀደድኩም። ኪሚኤ እኔን ልታናድድ አትችልም። ብቻ ያ የመጨረሻ ቃሏ ጆሮዬ ውስጥ ቀርቷል።

ዲሴምበር 29

ሕዝብ። የአዲስ ዓመት ሾርባ የማይሠራ ቤት የለም። ምሳ ቆሜ። ኖቡኮ ላግዝሽ ብላ መጥታ ከሸጠችው ያወራችው ይበልጣል። ቅጠሉ ላይ ያለውን ነጭ ዱቄት አትጠቡት፣ ጣዕሙ እሱ ነው፣ ስል ውዬ ድምፄ ተዘጋ።

ሺዙኤ አልመጣችም። ሐዘን ቤት በዓል የለም፣ አውቃለሁ። ስልክ ማንሣት ግን በዓል አይደለም።

ጃንዋሪ 4

"እንኳን አደረሳችሁ" ወደማይባልበት ቤት ሄድኩ። በራቸው ላይ የአዲስ ዓመቱ የጥድ ጌጥ የለም። እማማ ኡሜኖ እግራቸውን ከሚሞቀው ጠረጴዛ ሥር ከተው ቴሌቪዥን ያያሉ። ዘጠና አልፏቸዋል፤ ብርቱካን ግን ራሳቸው ይልጣሉ።

ሺዙኤ ሻይ አቀረበች። ጠጋ ብዬ በሹክሹክታ ጫማ አለሽ ወይ አልኳት፤ የካናዛዋ በረዶ እርጥብ ነው። በዓይኗ ወደ አማቷ ጠቆመችኝ። እማማ ኡሜኖ ፊታቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሡ "ጆሮዬ ደህና ነው" አሉ።

ተቆጥተው ይሁን ተሳልቀው አልለየሁትም። ሺዙኤም አልነገረችኝም።

ጃንዋሪ 13

ትናንት የሞሪዮ አርባ ዘጠነኛ ቀን መታሰቢያ ነበር። ከዘመድ በቀር የተጠራ የለም። ኖቡኮ ግን ጡረታ እስክትወጣ አውቶቡስ ነጂ ስለነበረች፣ ምግቡን ያደረሰው ሾፌር የድሮ ባልደረባዋ ነው፤ ሁሉንም ሰምታ መጣች። ኪሚኤ በዘመዱ ፊት ተነሥታ፣ "ሺዙኤ እናታችንን እንደ በፊቱ ትይዝልናለች፤ ስለዚህም እናመሰግናታለን" አለች። ዘመድ ሁሉ ለሺዙኤ አጎነበሰ። ሺዙኤስ? መልሳ አጎነበሰች።

በምስጋና አሰሯት። ቢሰድቧት ኖሮ ትፈታው ነበር።

ኖቡኮ "በቃ፣ ይቺ ልጅ አትመጣም" አለች። ትመጣለች አልኳት። ክፍሉ ተይዟል፣ የባቡሩ ቲኬት ተገዝቷል። ለእማማ ኡሜኖም አረጋውያንን ለጥቂት ቀን የሚያሳድር ቤት ጠይቄ ቦታ አስይዣለሁ። ሺዙኤ ገና አልሰማችም። እነግራታለሁ።

ጃንዋሪ 21

የሴቶች ማኅበሩ ትእዛዙን ሰረዘ። ዘንድሮ ሾርባውን በፓኬት ዱቄት ሊሠሩ ነው፤ ሥራ ይቀንሳል አሉ። የደወለችልኝ ጸሐፊዋ ናት። ደጋግማ ይቅርታ ጠየቀችኝ፤ የኪሚኤን ስም ግን አልጠራችም፣ እኔም አልጠየቅኋትም።

ለእነሱ ብዬ መጋዘን ውስጥ ያቆየሁትን ኮምቡ አውጥቼ አሸተትኩት። የባሕሩ ጥሬ ሽታ ጠፍቶ ጣፋጩ ብቻ ቀርቷል። ይህን ትተው ዱቄት። ይጠጡ። የካናዛዋው ማረፊያ ወጥ ሠሪ ጣዕም የሚያውቅ ሰው ነው፤ ናሙና ይዤለት እሄዳለሁ። ሱቁን ብዘጋ እዘጋለሁ እንጂ ኪሚኤ ደጅ ቆሜ አልለማመጥም።

ጃንዋሪ 30

ለሺዙኤ ካፖርት ገዛሁላት። ሰማያዊ፣ ውስጡ ላባ፣ ሲያነሡት የማይከብድ። ያ አሮጌ ጥቁሯ ለካናዛዋ ነፋስ አይሆንም።

በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። አጎንብሳ አመሰገነችኝ። የአረጋውያኑንም ቤት ያን ጊዜ ነገርኳት።

"አንቺ ሁሉን ታስቢያለሽ" አለች።

ደስ ብሏታል። ቀለሙን ነው የወደደችው ብዬ አስባለሁ።

ፌብሩዋሪ 4

ሌሊቱን ሙሉ ጣለ። ጎረቤቴ በረዶ ስትጠርግ ከእኔም ደጅ ትንሽ ጠርጋ መሄድ ልማዷ ነበር፤ እኔም ለእሷ እንዲሁ። ዛሬ አካፋዋን ልክ ድንበሩ ላይ አቆመች፤ መስመሩ በገመድ የተለካ ይመስላል። እሷም የማኅበሩ አባል ናት።

የራሴን ጠረግሁ። ከዚያ የእሷን ቀሪ ጠረግሁ። ከመጋረጃዋ ኋላ ስታየኝ አየኋት። ወገቤ አሁን ልቀቂኝ ይለኛል፤ ግን ጠርጌላታለሁ።

ፌብሩዋሪ 9

የአረጋውያኑ ቤት ደወለ። ቦታው ተሰርዟል። የሰረዘችው ሺዙኤ ናት። ለእኔ አንድ ቃል አልነገረችኝም።

ስልኳ ይጠራል፣ አይነሣም። ኖቡኮ ሄጄ ልያት አለች፤ ተይ አልኳት። ለኪሚኤ እጇን ሰጠች፣ አለቀ። እንደ ሁልጊዜው ሁለታችን ሄደን ካርቶን ይዘን እንመለሳለን። ሰው አልለምንም።

ናሙናውን ጠቅልያለሁ። የሦስተኛውን ቲኬት ለመመለስ ጣቢያ ድረስ ሄጄ ነበር፤ ወረፋው ረጅም ስለነበር ተውኩት።

ፌብሩዋሪ 11፣ ካናዛዋ

መጣች።

ባቡሩ ሊገባ ሲል ትንሽ ቦርሳ አንጠልጥላ በደረጃው ብቅ አለች። የለበሰችው እኔ የገዛሁላትን አይደለም። የሞሪዮን ጥቁር ካፖርት ነው፤ ትከሻው ወርዶ፣ እጅጌው ጣቶቿን ውጦ። ኖቡኮ "የሰውየውን ድንኳን ነቅለሽ መጣሽ" አለቻት። ሺዙኤ ሳቀች። ሳቋን ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ ነው።

እማማ ኡሜኖን ማን ያዛቸው? ትናንት ወደ ኪሚኤ ቤት ሄዳ የቤቱን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። እማዬ ቁርሳቸውን በማለዳ ነው የሚወዱት፣ ሾርባው ትኩስ ይሁን፣ ብላ ወጣች። ኪሚኤ ምን መለሰች አልኳት።

"አልሰማሁም። በሩን ዘግቼው ነበር።"

እኔ ስንት ሳምንት የተጨነቅሁበትን እሷ በአንድ ቁልፍ ጨረሰችው። ጎበዝ። ብቻ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?

በረዶው ከባድ ነው። በትልቁ የአትክልት ቦታ ጥዶቹ ሁሉ ታስረዋል፤ ከመካከላቸው ረጅም ምሰሶ ቆሞ፣ ከጫፉ የሚወርዱት ገመዶች ቅርንጫፎቹን በረዶ እንዳይሰብራቸው አንጠልጥለው ይዘዋል። ኖቡኮ ቀና ብላ አየችና "ዛፏ ሺዙኤ፣ ምሰሶዋ ካዮ" አለች። ሳቅን። ሺዙኤ ከእኛ ቀድማ ሳቋን አቆመች።

ፌብሩዋሪ 12

ወጥ ሠሪው ናሙናውን አፍልቶ ቀመሰ። ደግሞ ቀመሰ። ይበቃኛል፤ ያዛል።

ከቀትር በኋላ አማልክቱ ወደሚለመኑበት መቅደስ ሄድን። ኖቡኮ በሩን አልፋ ገባች። ሺዙኤ ውጭ ቆመች። ሐዘን ላይ ያለ ሰው በዚያ በር ሥር አያልፍም፤ ይህን የማያውቅ የለም። እኔ ግን እዚህ ማን ያውቅሻል አልኳት። ኪሚኤ የለች፣ ማኅበር የለ፣ ነይ ብዬ ክንዷን ያዝኳት።

ክንዷን ቀስ አድርጋ አስለቀቀች።

"ለኪሚኤ ብዬ አይደለም የማልገባው። ባሌ ሞቷል፣ ካዮ። ያዘንኩት እኔ ነኝ።"

እጄን ሰበሰብኩ።

"ኪሚኤ ቁጭ በይ ትለኛለች፣ አንቺ ተነሺ ትይኛለሽ" አለች። አልተቆጣችም። "ግቢና ጸልዪ። እኔ እዚሁ ነኝ።"

ገባሁ። ሳንቲም ወረወርኩ፣ እንደ ጸሎቱ ደንብ አጨበጨብኩ። ምን እንደለመንኩ አላውቅም።

ስንወጣ ከመንገዱ ማዶ አግዳሚ ላይ ነበረች፤ በረዶውን በሞሪዮ እጅጌ ጠርጋ ተቀምጣለች። ጭኗ ላይ በየዓመቱ የምናመጣላት ዓይነት የጣፋጭ ካርቶን ተከፍቷል።

"ከዚህ እስከ ዛሬ የቀመስኩት አንድ ፍሬ ነው" አለች። "ቤት ሲገባ በሙታን መሠዊያው ፊት ይቀመጣል። ከዚያ ኪሚኤ ወስዳ ለሰው ታድለዋለች።"

ኖቡኮ እጇን ወደ ካርቶኑ ስትሰድ ሺዙኤ ወደ ራሷ ሳበችው። ቀልድ መስሎን ጠበቅናት። ቀልድ አልነበረም። ጉንጯ በብርዱ ቀልቶ፣ አንድ በአንድ፣ እስከ መጨረሻው በላችው። እኛ ቆመን አየናት።

ይህን ሁሉ ዓመት ለካ ለኪሚኤ ነው የተሸከምኩት።

ፌብሩዋሪ 13፣ ባቡር ላይ

ሁለታችን ነን። ሺዙኤ ቀረች።

ጣቢያው ውስጥ ኖቡኮና እኔ እንደ ደንቡ ካርቶን ስንመርጥ፣ ለጎረቤት፣ ለዓሣ ሻጩ፣ ለፖስተኛው፣ እሷ እጇን ኪሷ ከታ ቆማ ነበር። በእኛ ዘንድ ከጉዞ ባዶ እጅ የሚመለስ የለም፤ ለሰው ጀርባ እንደ መስጠት ነው። ለኪሚኤ ምን ልትይዢላት ነው አልኳት።

"እኔ አልሄድም" አለች።

ወንዙ ዳር ትንሽ ማረፊያ ራሷ አግኝታለች። እስከ መቼ? እስክመጣ። ብቻሽን? አዎ። ሌላም ብዙ አልኳት፤ አልጽፈውም። ከተናገርኩት የሚበዛውን ኪሚኤም ብትሆን ትለው ነበር። ኖቡኮ ባቡሩ ሊሄድ ነው ብላ ጎተተችኝ።

ሺዙኤ ቆማ አጎነበሰችልን። በዚያ ጥቁር ካፖርት ወዲያው ከሰው ጋር ተቀላቀለች። ሰማያዊው ቢሆን ኖሮ ከሩቅ ትታየኝ ነበር።

ፌብሩዋሪ 15

ኪሚኤ ሱቁ ሰው ሞልቶት እያለ ገባች። ጃንጥላዋን አላራገፈችም።

"የት ጥለሻት መጣሽ?"

"አልጣልኳትም። ቀረች።"

"እናቴን ማን ያጥባት? ወገቤ ተቆረጠ እኮ።"

"እርስዎ የእናትዎ ልጅ አይደሉም?"

ከአፌ ሲወጣ እንደ ጣመኝ አልክድም። ሰው ምን ይላል አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ይበል አልኳት። እኔን ሲል ከርሟል፤ ይኸው ሱቄ ክፍት ነው። ማኅበሩ ከፈለገ ዕድሜ ልኩን ዱቄት ይጠጣ። ሺዙኤ ተደብቃ አልሄደችም፤ ስትፈልግ ትመጣለች። የጠየቀኝ ሁሉ ይህንኑ ከእኔ ይሰማል።

ከዚያ ካርቶን ሰጠኋት። ደንብ ደንብ ነው።

"ይኼ ያንቺ ነው። የእሷስ?"

"ከሺዙኤ የለም።"

ኪሚኤ ካርቶኑን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ከነገርኳት ሁሉ የገባት ይኼ ብቻ ነው።

ፌብሩዋሪ 17

እማማ ኡሜኖን ልጠይቃቸው ሄድኩ። ኪሚኤ ወጥ ቤት ሳህን ታንኳኳለች። እማማ፣ ሺዙኤ ደህና ናት ወይ አሉኝ። ደህና ናት አልኳቸው። ምን አውቄ? አልደወለችልኝም።

"በየዓመቱ በዋዜማው አመማቸው ይባላል" አሉ ብርቱካን እየላጡ። "እኔ የታመምኩት አንዴ ነው። ሌላውን ኪሚኤ ናት ያሳመመችኝ።"

ታዲያ ለምን ዝም አሉ አልኳቸው።

"ሺዙኤ ስትሄድ የምታበስለው ኪሚኤ ናት።" ፊታቸው ያለውን ሾርባ በጣታቸው ገፋ አደረጉት። "እስቲ ቅመሺው።"

ቀመስኩት። የፓኬት ነው። ዝም ማለታቸው ልክ አይደለም፤ ግን ገባኝ።

ፌብሩዋሪ 20

ኪሚኤ ኮምቡ ልትገዛ መጣች። እናቴ ያንን ሾርባ ተፋችው አለች፣ ወደ መደርደሪያው እያየች። ለማኅበሩ አቆይቼው ከነበረው ጠቀለልኩላት። ነጩን ዱቄት አይጠቡት አልኳት። አውቃለሁ አለች። አታውቅም።

ፌብሩዋሪ 22

ሺዙኤ ዛሬ እንደምትመለስ ለኖቡኮ ደውላላታለች። ለኖቡኮ። እኔ ጣቢያ የማደርሰው ዕቃ ነበረኝ፤ ነገም ቢደርስ ግድ የለም ነበር፣ ግን ዛሬ አደረስኩት።

ከባቡሩ ስትወርድ መጀመሪያ ያየሁት እጇን ነው። ሁለቱም የሞሪዮ ኪስ ውስጥ ናቸው። ካርቶን የለም። ለኪሚኤ የለም፣ ለጎረቤት የለም። ለእኔም የለም።

"ለማንም አልገዛሁም" አለች።

"ጥሩ አደረግሽ" አልኳት። ከልቤ ነው። ከሞላ ጎደል ከልቤ ነው።

መንገድ ላይ ነገረችኝ። እማዬን አትተዋቸውም፤ ትወዳቸዋለች። ግን አንድ ሳምንት እሷ፣ አንድ ሳምንት ኪሚኤ። በስልክ ነግራታለች። ኪሚኤ እሺም እምቢም አላለችም፤ ቁልፉን ግን አልመለሰችም፣ ይህም መልስ ነው። በሚተርፍሽ ሳምንት ምን ልትሠሪ ነው አልኳት። ሱቅ መጥተሽ አግዢኝ የሚለው ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት።

"አላውቅም" አለች። "ደስ የሚለኝ እሱ ነው።"

በዓሣ ሱቁ በኩል ስናልፍ ሴቶቹ ወሬያቸውን አቋርጠው እጇን አዩ። ሺዙኤ ሁለቱንም ባዶ እጆቿን ከኪሷ አወጣች፣ እንደምን ዋላችሁ ብላ ዝቅ ብላ አጎነበሰች። እኔም ከጎኗ ቆሜ አጎነበስኩ፤ እንደ እሷ ዝቅ ብዬ፣ እንደ እሷ ባዶ እጄን።

ሱቅ ገብቼ ለሚመጣው ዓመት ወደ ካናዛዋው ማረፊያ ደወልኩ። ባለቤቷ እንደ ዘንድሮው ሦስት ሰው ልያዝ ወይ አለችኝ።

"ሁለት" አልኳት። "ሦስተኛዋ ካሻት ራሷ ትደውላለች።"